ጥርስ የካደው ሉል

በሕይወቴ ብዙ ውሸት አውርቻለሁ፤ አብዛኛው ታምኖልኛል። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ከፋሲካ በኋላ ግን አንድ ንጹሕ እውነት ይዤ ኮልፌን ከላይ እስከ ታች ብዞር የሚቀበለኝ አጣሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ «ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ስኳር ይታደላል» ብዬ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለጎረቤቴ ለየሺእመቤት፣ በጆሮዋ ነገርኳት። ሐሙስ ሲነጋ ወረፋው ከሱቁ በር ተነሥቶ፣ ፌርማታውን አልፎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል። ስድስተኛው ላይ የቆመው ማን ነበር ብትሉ የሱቁ ሻጭ ራሱ። ቁልፉን በኪሱ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ እኔ «ደህና አደራችሁ» ስል እንኳ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ አይቶ ነው መንጋቱን የሚያረጋግጠው።

ስሜ ይገዙ ነው፤ ሥራዬ ጌጥ መጠገን ነበር። ፌርማታው አጠገብ፣ ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ትንፋሹን የሚሰበስብባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። የተበጠሰ ሐብል እቀጥላለሁ፣ የጠቆረ የብር መስቀል አነጣለሁ፣ ዶቃ እሰካለሁ። ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ሁለት አለኝ፤ አንዱ በራሴ ስም፣ አንዱ መማር በታከተው አጎቴ ስም። ሙያውን ያስተማሩኝ መርካቶ የነበሩ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ሉል የሚያውቁትን እሳቸው ነገሩኝ፤ የማያውቁትን እኔ ጨመርኩበት።

እትዬ ወለተጻድቅ ሱቄ የመጡት በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሲስቁ እንኳ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ጨዋ ሴት። ባላቸው አቶ ተክለማርያም በትሬንታ ኳትሮ ምጽዋ እየተመላለሱ ጭነት የሚያመጡ ሾፌር ነበሩ፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ ከነጠላቸው ሥር አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

ከፈትኳት። ሦስት ዙር ሉል ነው። ክሩ በስብሷል፣ ሉሉ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ የለጋ ቅቤ ቀለም ይዟል።

«ተክሌ በሠርጌ ዕለት ያሰረልኝ ነው» አሉ። «ምጽዋ ከጠላቂዎች እጅ ገዝቶ ነው ያመጣው። እሱ ካረፈ ወዲህ አንገቴን አላየም። አሁን ብርቱካንን ልድር ሦስት ሳምንት ቀረኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት። ታዲያ ያድርጉታ።»

«እስቲ እየው።» አንሥተው አንገታቸው ላይ ያዙት። አሠራሩ የልጃገረድ ነው፤ ሦስቱም ዙር ጉሮሮ ላይ ጥብቅ የሚል። «እንዲህ ሆኜ ብወጣ ‹ልጇን ልትድር መጥታ ራሷ ሙሽራ ሆነች› አይሉኝም? ደግሞም አነቀኝ። ልተወው ስል ደግሞ፣ ተክሌ በዚያ ቀን በምኑ ይገኝ?»

ገባኝ። የሙሽራዋ አባት በሠርጉ ላይ የሚታዩት በዚህች ቆርቆሮ ውስጥ ባለው ብቻ ነው።

«ሉል ለልጃገረድ ጉሮሮ ላይ ነው፤ ለትልቅ ሴት ወደ ደረት ይወርዳል» አልኳቸው። «የምጽዋ ሕግ ነው።»

«ምጽዋን ታውቃታለህ?»

«ሞጆ ድረስ ሄጃለሁ።»

በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

የሚለብሱትን ቀሚስ አስመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ረጅም ዙር ልሰካው አስቤ በሲባጎ ለካሁ። አልሆነም፤ ሲባጎው ጥልፉ ላይ ወድቆ ጥልፉ ዋጠው። ያንን የመሰለ ጥልፍ ለብሳ በላዩ ሉል የምታንጠለጥል ሴት ሁለቱንም ታከስራለች። ስለዚህ ሲባጎውን አሳጠርኩት። በመጨረሻ የተስማማነው በሁለት ዙር ነው፤ አንደኛው አንገት ሥር ካለው አጥንት ላይ ላላ ብሎ የሚያርፍ፣ ሁለተኛው ጥልፉ ሊጀምር አንድ ጣት ሲቀረው የሚቆም። ትልልቁ መሐል፣ ደቃቁ ወደ ማጅራት።

«ነጭ ነጩን ወደ ፊት አድርግልኝ፤ ይኼ የቢጫው አሮጌ ይመስላል» አሉ እትዬ።

«ለጠይም ፊት የቅቤው ነው። ነጩ ከሩቅ ይጮኻል፣ የቅቤው ቀርበው ካላዩት አይናገርም።»

«በል የቅቤውን ወደ ፊት አድርገው» አሉ። ሦስተኛው ዙር ተረፈ። እሱን ወደ ቆርቆሮዋ መልሼ «ይዘውት ይሂዱ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል። ብቻ እንደ ብር በሎሚና በአመድ እንዳያጥቡት፣ ሎሚ የነካው ሉል ይሞታል» ብዬ ሰጠኋቸው።

በዚህ መሐል የሺእመቤት በሱቁ መስኮት አንገቷን አስገብታ ታዳምጥ ኖሯል። የሺእመቤት በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም ሴት ናት።

«ቆይ አንተ፣ እውነተኛ ሉል በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

«በፊት ጥርስሽ ጠርዝ ፈተግ አድርጊው። እውነተኛው እንደ አሸዋ ይኮሰኩሳል፤ የብርጭቆው ያሟልጫል።»

ይህ እውነት ነው፤ ሽማግሌው ያስተማሩኝ ነው። እዚህ ላይ ዝም ብል ይኼ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ምላሴ የሞቀ ለት ማቆሚያ የለኝም።

«ምጽዋ» አልኳት፣ «ባልና ሚስት ሲካሰሱ ዳኛው ሌላ ምስክር አይጠራም። ሚስትየዋ የሰጣትን ሉል ጥርሷ ላይ ፈተግ ታደርጋለች። ካሟለጨ ባልየው ሌላ ቤት አለው ማለት ነው፤ እውነተኛውን ለዚያችኛዋ ሰጥቷል። እዚያው ይፈረድባታል… ማለቴ ይፈረድላታል።»

የሺእመቤት እዚያው ጉትቻዋን አውልቃ ጥርሷ ላይ ፈተግ አደረገችው። አሟለጨ። ባል ስላልነበራት ምንም አልመሰላትም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ሄደች።

በሁለት ቀን ውስጥ ኮልፌ በሙሉ ጌጡን ያኝክ ጀመር። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሐብላቸውን ሲያላምጡ ላያቸው ልጓም የነከሱ በቅሎዎች ይመስላሉ። ሉሉ ቀርቶ ወርቁም፣ መስቀሉም ተነከሰ። አንዲት ሴት የባሏን ሰዓት ነክሳ ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ ይባላል፤ ይኼንን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ወለተጻድቅ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም።

«ሉሉን ተወው፣ አትስካው» አሉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ያሟልጫል። ትናንት እነየሺእመቤት ‹እስቲ ይሞክሩት› ብለውኝ ሦስተኛውን ዙር ጥርሴ ላይ አደረግሁት። አንድም አልኮሰኮሰኝ። አንድም።»

«አይሆንም። እኔ የራስዎን ሉል አንድ በአንድ በጥርሴ ፈትኜዋለሁ። እውነተኛ ነው።»

«አንተ።»

«እኔ።»

«ስኳር ሐሙስ የሚታደለው አንተ።»

እሳቸው ወደ መንገዱ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ። «በወር ውስጥ ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሰው ሾፌር በየከተማው ጎጆ አለው ሲለኝ እስቅ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስስቅ ኖርኩ።»

«እትዬ፣ የዳኛው ነገር ፈጠራዬ ነው። ምጽዋን አይቻትም አላውቅ።»

«የራሴ አፍ የነገረኝን ትቼ ያንተን አፍ ልመን? ጨሌውን ለሰፈር ልጆች ስጣቸው።» ብለው ሄዱ።

እየሮጥኩ የሺእመቤት ጋ ሄድኩ። «የዳኛውን ነገር ከራሴ ነው ያወጣሁት፣ ሉሉ ግን እውነተኛ ነው፤ ለሴቶቹ ንገሪልኝ» አልኳት።

እሷም በእርጋታ፣ «ዳኛውን ከራስህ ካወጣኸው ሉሉን ከራስህ ለማውጣት ምን ያግድሃል?» አለችኝ። ለጫማ ሰፊው ብነግረው ሳቀ። ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ብነግረው እሱም ሳቀና «ደግሞ እንዴት አድርገህ ነው የምታወራው» ብሎ አደነቀኝ። ውሸቴን ለመዋጥ ሁለት ቀን የበቃቸው ሰዎች እውነቴን ሊቀምሱት እንኳ አልፈለጉም።

በማግሥቱ እትዬ ቤት ሴቶች ለሠርጉ በርበሬ ሊቀነጥሱ ተሰብስበው ነበር። «ልርዳ» ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት የአቶ ተክለማርያምን ፎቶ ነው፤ የመኪናቸውን በር ተደግፈው የተነሡት። ሁልጊዜ ከቁም ሳጥኑ በላይ ሆነው ወደ ሳሎኑ ያዩ ነበር። አሁን ፊታቸው ወደ ግድግዳ ተመልሷል። የሚታየው የፍሬሙ ካርቶንና የተሰቀለበት ሽቦ ብቻ ነው። ማንም ስለ እሱ አያወራም፤ ሁሉም ግን በየተራ ያየዋል።

ቆሎ በሳህን ይዞር ነበር። እትዬም ጨብጠው ወሰዱ። ሁላችንም ቆረጣጠምን፤ የእሳቸውም አገጭ አብሮን ይሠራል። እኔ ደግሞ የጌጥ ሠራተኛ ነኝ፣ ዓይኔ ከእጅ ላይ አይነሣም። የእትዬ ጭብጥ ወደ አፋቸው ሲሄድም ሲመለስም እኩል ሙሉ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ በጓሮው በር በኩል ላሉት ዶሮዎች ተበተነ።

ያኔ የበርበሬው ትንታ መጣ። ሁሉም አስነጠሰ። ሰው ሲያስነጥስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፍንጫውን ይይዛል። እትዬ ወለተጻድቅ ግን ሁለት ጣታቸውን ሰድደው የላይኛውን ጥርሳቸውን ያዙት፤ ንፋስ ሲነሣ ባርኔጣውን እንደሚይዝ ሰው።

ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው! ለዚህ ነው ሲስቁ አፋቸውን የሚሸፍኑት፣ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ጥርስ አንድ ልክ፣ አንድ ቀለም የሆነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር የለው፣ ምኑ ይሰማዋል? ሉል ቢፈትጉበት፣ ድንጋይ ቢፈትጉበት ያው ነው። አቶ ተክለማርያም በማያውቁት ጥርስ ተፈርዶባቸው ግድግዳ ያያሉ።

እስቲ የእኔን መከራ አስቡልኝ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ወሬዎች ሁሉ የሚበልጠው እጄ ገባ፣ ያውም እውነተኛ፣ ምንም መጨመር የማያሻው። አጠገቤ የሺእመቤት ተቀምጣለች፤ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ከማታ በፊት አስኮና ቤቴል ይሰማ ነበር። እትዬም ከዚያ በኋላ ሠርጉ ቀርቶ ደጃፋቸውም ላይ አይቆሙም። ወሬውን ከበርበሬው ጋር ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ሲያሳክከኝ ሰነበተ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከኪሴ አራት ፍሬ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ፤ ሁለቱ ከየሺእመቤት የተዋስኳቸው የጉትቻ ብርጭቆዎች፣ ሁለቱ የእሳቸው ሉሎች።

«ምን ልትዋሽ መጣህ?» አሉኝ።

«አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። ሉል ባል ለሞተባት ሴት በጥርስ አይናገርም። ለእሷ በጆሮ ነው የሚናገር።»

«ማን አለ?»

«ምጽዋ።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። እኔ ጥርሳቸውን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያውን ሳይ ቆይቼ መለስ ስል አሁንም እያዩኝ ነው።

«እኔን አይመኑኝ» አልኩ። «ጆሮዎን ይመኑ። በመጀመሪያ እነዚህን።»

ሁለቱን ብርጭቆዎች ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በጣቶቻቸው አፋተጓቸው። ተንሸራተቱ፤ ድምፅ የላቸውም። ከዚያ ሁለቱን ሉሎች አነሡ። ከተቀመጥኩበት አልሰማሁትም፤ ግን ፊታቸው ላይ አየሁት። ደረቅ አሸዋ በጫማ ሲረገጥ እንዳለው ያለ ነገር ነው። ደገሙት። በሌላኛው ጆሯቸው ሞከሩት። ከዚያ ቆርቆሮዋን ከፍተው ከሦስተኛው ዙር ላይ ጥንድ ጥንድ እየመረጡ ሁሉንም አዳመጧቸው።

«ሁሉም?» አልኩ።

«ሁሉም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይገዙ፣ ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ።»

«እንደዚያው ሁን።»

ተነሡና ፎቶውን ከግድግዳው መለሱት። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉት። «ዕድሜህን ሙሉ አስፋልት ስታይ ኖረህ ሦስት ቀን ግድግዳ ብታይ ምን ትሆናለህ» አሉት። እንደ ይቅርታ ይሁን እንደ ቁጣ አልለየሁትም። አቶ ተክለማርያም ግን የመኪናቸውን በር ተደግፈው እንደ ድሯቸው ፈገግ ብለዋል።

ሥራውን በአምስት ቀን ጨረስኩት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማተብ ከምትሸጥ ሴት ነጭ የሐር ክር ገዛሁ። የሉል ቀዳዳ መርፌ አያስገባም፤ የክሩን ጫፍ በጧፍ ሰም አሹዬ ራሱን መርፌ አደረግሁት። በየፍሬው መሐል አንዳንድ ቋጠሮ አሰርኩ፤ እንዲህ የተሰካ ሉል ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ነው፣ እርስ በርሱም አይፋጭም። የቅቤዎቹን ከመሐል ወደ ጎን እየቀነስኩ ደረደርኳቸው። አስሬላቸው በመስታወት ሲያዩ አገጫቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። ያች አገጭ ክፍያዬ ነበረች።

ሠርጉ የዋለው ቅዳሜ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስለነበረ በጠዋት ተጀምሮ በቀን የሚያልቅ ሠርግ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። የሙሽራው የገሜዳ እናት እትዬ ዱሬቲ ከአስኮ ነው የመጡት፤ ሰፊ፣ ግልጽ፣ ሲስቁ ወንበር የሚነቀንቁ ሴት። እትዬ ወለተጻድቅ ሁለት ዙር ሉላቸውን አድርገው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። የኋላው ወንበር ላይ የሺእመቤት ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ይሰማል፤ «ብርጭቆ ነው እኮ፣ በጥርሳቸው አይተውታል።»

እትዬ ዱሬቲ ሰሙ። ዞር ብለው የእትዬን አንገት አዩ።

«ኮልፌን ያስነከሰው ይኼ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

«እኔም ልቅመሰው?»

እትዬ ወለተጻድቅ ሉላቸውን በእጃቸው አንሥተው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ይቅመሱት፣ ከእንግዲህ ቤተሰብ ነን።»

እትዬ ዱሬቲ ከአንገት ሳያወልቁት ጎንበስ ብለው በፊት ጥርሳቸው ፈተግ አደረጉት። ከሩቅ ላየ አዲስ ዘመዳሞች ሲሳሳሙ ይመስላል፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም «ተባረኩ» አለ።

«አሸዋ» አሉ እትዬ ዱሬቲ። በኦሮምኛቸውም «ጋሪዳ» አሉ። «ደግ ነው። ልጄ ከውሸታም ቤት አልገባም።»

የሺእመቤት ተነሥታ መጣችና ቀመሰችው። ቀጥላ ጎረቤቷ። ከዚያ ወረፋ ሆነ፤ ከሙሽሮቹ ወንበር ተነሥቶ ድንኳኑን ዞሮ ወጥ ቤቱ ጋ ደረሰ። ስድስተኛው ላይ የቆመው ማን ነበር ብትሉ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ።

«ታዲያ ለእትዬ ለምን አሟለጨ?» አለች የሺእመቤት በመጨረሻ። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ሉል ባል ለሞተባት ሴት በጥርስ አይናገርም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ለእሷ በጆሮ ነው። የምጽዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«እውነትም» አለች የሺእመቤት። «እናቴም እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ።»

ለቅልቅሉ ዕለት እትዬ ሦስተኛውን ዙር ይዘው መጡና፣ ከእሱ ለእትዬ ዱሬቲ ጉትቻ እንድሠራ አዘዙኝ። ትልልቅ የቅቤ ቀለም ያላቸውን ሁለት ፍሬ ራሳቸው መረጡ። እስከ ዛሬ ድረስ በኮልፌ ባሏ የሞተባት ሴት ሉል ስትገዛ ጆሮዋ ሥር አፋትጋ ነው የምታየው። የማን ትምህርት እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

ይኼን ሁሉ አሁን የምጽፈው እትዬ ስለፈቀዱልኝ ነው። የብርቱካን ልጆች ሦስት ሆነዋል፤ አያታቸው ጥርሳቸውን አውልቀው በመዳፋቸው ላይ ይዘው በእሱ ሲያስቋቸው ነው የሚውሉት። ባለፈው እሑድ ሄጄ፣ «እትዬ፣ አሁንስ ልናገር?» አልኳቸው።

«ተናገር» አሉኝ።

የሺእመቤትም እዚያው ነበረች። ከቆሎው ጀምሬ፣ በርበሬውን፣ ማስነጠሱን፣ ጥርሱን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ሰውዬ ሳትሻሻል ልትሞት ነው» አለችኝ። «አሁን የእትዬን ጥርስ የመሰለ ጥርስ ሰው ሠራሽ ነው ትላለህ?»

እትዬ ወለተጻድቅ ሳቁ። ሉሉ ደረታቸው ላይ እየተነቀነቀ ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አላነሡም።